በሁለት ነጥብ መካከል ያለችው 25 ሰከንድ

ባሕር ዳር ላይ ታዳጊዎችን የሜዳ ቴኒስ ሳሰለጥን ለረጅም ጊዜ ያንገበገበኝ ነገር አንድ ነው። በልምምድ ማንም የማይችለው ልጅ ውድድር ሲደርስ እጁ ይታሰራል። ሐሙስ ዕለት ጥግ ጥጉን እየመረጠ ያሳርፈው የነበረውን ኳስ እሑድ ጠዋት መረብ ላይ ይሰካዋል። ከሜዳ ሲወጣም የሚለው ያው ነው፤ «ጋሼ፣ እጄ ከበደኝ።» ይህን ለመፍታት ሦስት ዓመት ያህል በተሳሳተ መንገድ ሄጃለሁ። በዚያ መሐል ተስፋ የነበራቸው ልጆች ራኬታቸውን ሰቅለው ቀርተዋል። ሌላ አሰልጣኝ ወይም ሌላ ወላጅ ያንን ሦስት ዓመት እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ምክር ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ «ተረጋጋ!»፣ «አትፍራ!»፣ «ትኩረት!» እያልኩ እጮኻለሁ። ከእነዚህ ቃላት አንዱም ምን እንደሚደረግ አይናገርም። «ጉልበትህን እጠፍ» ቢባል ልጁ ያጥፈዋል። «ተረጋጋ» ሲባል ግን ምኑን ምን ያድርገው? «አትፍራ» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በእኛ አገር ፈሪ መባል ቀላል ነገር አይደለም። ጎጃም ውስጥ ያደገ ልጅ በሰው ፊት «አትፍራ» ሲባል የሚሰማው «ፈርተሃል፣ ሰውም አይቶብሃል» የሚል ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከተጋጣሚው ጋር ብቻ ሳይሆን ከስሙም ጋር መታገል ይጀምራል።

ሁለተኛው ስህተቴ ልጆቹን ከጨዋታ በፊት እንደ ፉከራ ማጋጋል ነበር። ቴኒስ ለዚህ አይመችም። ጨዋታው ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ኳስ እየተመታ የሚያልፈው ጊዜ ትንሹ ክፍል ነው፤ የቀረው መራመድ፣ መጠበቅና ማሰብ ነው። በፉከራ የጋለ ልብ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ወይ ይቀዘቅዛል ወይ ወደ ንዴት ይዞራል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን እያወቅን፣ ቴኒስ ላይ ስንደርስ ንዴትን እንደ ወኔ እንቆጥረዋለን። ሦስተኛው ስህተት ኳስ ማብዛት ነበር። ያለ ውጤትና ያለ ተመልካች የተመታ ሁለት መቶ ሰርቭ (ነጥቡን የሚከፍተው ምት) ክንድን ያሰለጥናል፤ 4 ለ 5 ተመርቶ 30 ለ 40 ላይ፣ አንድ ነጥብ ቢያጣ ዙሩን በሚያጣበት ሰዓት፣ ሰርቭ የሚያደርግን ልጅ ግን አያሰለጥንም።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ውድድር ላይ መጮኹን ትቼ ደብተርና የስልኬን ሰዓት መቁጠሪያ ይዤ የተቀመጥኩ ቀን ነው። የምመዘግበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጥቡ ካለቀበት እስከ ቀጣዩ ሰርቭ ስንት ሰከንድ ያልፋል? ልጆቹ ነጥብ ሲያገኙ 18፣ 20 ሰከንድ ይወስዳሉ። ነጥብ ሲያጡ 8፣ 9፣ አንዳንዴም 7። ደብል ፎልት ከሠሩ፣ ማለትም ሁለቱንም ሰርቭ ስተው ነጥብ ካጡ በኋላማ ኳሷን በሩጫ አንስተው፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ፣ ያንኑ ስህተት ይደግሙታል። እኔ «እጃቸው ታሰረ» ስል የኖርኩት ነገር በአብዛኛው ችኮላ ነበር።

ሕጉ እኮ ጊዜ ይሰጣል። በነጥብና በነጥብ መካከል እስከ 25 ሰከንድ፣ ጎን ሲቀየር 90 ሰከንድ፣ ሴት የምንለው ዙር ሲያልቅ 120 ሰከንድ ይፈቀዳል። ከእያንዳንዱ ዙር የመጀመሪያ ጌም (ዙሩ የሚከፈልበት አጭር ጨዋታ) በኋላና በታይብሬክ (ዙሩ እኩል ሲሆን በሚለየው ጌም) መሐል ግን ጎን ሲቀየር መቀመጥ የለም። ልጆቻችሁ ይህን በቃላቸው ይወቁት። ዕረፍት ያለ መስሏቸው ወደ ወንበር ሲሄዱ ዳኛ ሲመልሳቸው ግራ የሚጋቡ ብዙ አይቻለሁ።

አሜሪካዊው የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ጂም ሎር ጠንካራ ተጫዋቾች በነጥቦች መካከል የሚያደርጉትን አጥንቶ በአራት ደረጃ ከፍሎታል። እኛ የምንሠራበት ከዚያ የተቀዳና በእጃችን የተስተካከለ ነው። ነጥቡ እንዳለቀ፣ ተገኘም ጠፋ፣ ተጫዋቹ ራኬቱን ወደማይመታበት እጁ ያዛውራል፤ ለመረቡ ጀርባውን ሰጥቶ አገጩን ቀና አድርጎ ወደ ኋለኛው አጥር ይራመዳል። ይህ አራት አምስት ሰከንድ ይወስዳል። ራኬቱ የሚዛወረው የመቺው እጅ ጡንቻ እንዲላቀቅ ነው። ቀጥሎ እየተራመደ ዓይኑን የራኬቱ ክር ላይ ያሳርፋል። ክሮቹን በጣቱ እያስተካከለ በአፍንጫው አራት እየቆጠረ ይስባል፤ በአፉ ስድስት እየቆጠረ ያወጣል። ይህ አንድ ትንፋሽ ብቻውን አሥር ሰከንድ ነው፤ አንዱ ይበቃል። ሦስተኛው ዕቅድ ነው። ዞር ብሎ ወደ መስመሩ ሲመለስ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ለራሱ ይናገራል፤ «ሰርቭ ወደ ባክሃንዱ፣ ቀጣዩን ወደ ክፍቱ።» (ባክሃንድ የእጅ ጀርባ ወደ ፊት ዞሮ የሚመታበት ጎን ነው።) የመጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ሥርዓት ነው። ሰርቭ የሚያደርገው ኳሷን አራት ጊዜ ያነጥራል፣ ቀና ብሎ የሚያሳርፍበትን ቦታ ያያል፣ ይመታል። የሚመልሰው ሁለት ጊዜ በእግሩ ጣት ዘለል ዘለል ብሎ ዓይኑን በተጋጣሚው እጅ ላይ ባለችው ኳስ ላይ ይተክላል።

እዚህ ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው፣ ልጆች ይህን የሚያስታውሱት ሲሸነፉ ብቻ ነው። እየመሩ ይተዉታል፤ 5 ለ 3 ላይ ሲደናገጡ ሊጀምሩት ይሞክራሉ፤ አይመጣላቸውም። በደህና ቀን ያልተለመደ ነገር በክፉ ቀን አይገኝም። ስለዚህ ልምምድ ላይም ቢሆን ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ሙሉውን እናደርጋለን፤ መጀመሪያ ሰሞን አሰልቺ ነው፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ሳያስቡት ይሠሩታል። ሁለተኛው፣ ትንፋሹን ያበዙታል። ሦስት አራት ጊዜ በኃይል ከሳቡ ራስ ያዞራል፤ ፍርሃቱም ይጨምራል። ዋናው ማውጫው ነው፤ ከመሳቡ ይርዘም። ሦስተኛው፣ ዕቅዱ በሚደረግበት ሰዓት ስለ አመታታቸው ይመረምራሉ፤ «ክርኔ ወርዷል መሰለኝ፣ አያያዜ ነው እንዴ?» እያሉ። ሰውነት የለመደውን ነገር በቁራጭ በቁራጭ እየተቆጣጠሩ መሥራት ነው እጅን የሚያስረው። ደረጃ ሲወርዱ እያንዳንዱን እርምጃ ልቁጠር ያለ ሰው እንደሚደናቀፈው ነው። በጨዋታ መሐል የሚታሰበው ኳሷ የት እንደምትሄድ ነው፤ ክንድ እንዴት እንደሚሄድ በማግስቱ ይታሰባል። አራተኛው፣ ሰርቭ የሚመልሰው ተጫዋች በሰርቭ አድራጊው አግባብ ያለው ፍጥነት መጫወት እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ሰርቭ ሲመልሱ የምትሆን፣ ወደ 12 ሰከንድ ያጠረች ሁለተኛ ሥርዓት ያስፈልጋል። ይህን ሳናውቅ ዳኛ ፊት የተቸገርንባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ስለ ሁለተኛ ሰርቭ፣ የመጀመሪያው ሲሳት ስለሚሰጠው ዕድል፣ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ነውና። የፈራ ሰው ሁለተኛ ሰርቩን «ለማስገባት» ክንዱን ያዘገያል። ክንድ ሲዘገይ ኳሷ አትሽከረከርም፤ ያልተሽከረከረች ኳስ ደግሞ ከመረብ ካለፈች በኋላ ቶሎ አትወርድም። ወይ ትረዝማለች፣ ወይ እንዳትረዝም ብሎ ሲያሳጥራት መረብ ትገባለች። ጥንቃቄው ራሱ ነው ደብል ፎልት የሚያመጣው። መድኃኒቱ የክንዱን ፍጥነት እንደ መጀመሪያው ሰርቭ አድርጎ፣ ኳሷን ከኋላ በመግፋት ፈንታ ከታች ወደ ላይ ማሸት ነው። ከዚህ ጋር የምናስተምረው ሌላ ነገር የአያያዝ ጥንካሬ ነው። ከ1 እስከ 10 ስጡት እንላቸዋለን፤ 10 ማለት እጀታውን አንቆ መያዝ ነው። ሲጨነቁ ሳያውቁት 8 እና 9 ይደርሳሉ። በነጥብ መካከል ራኬቱን አምስት ሰከንድ በሙሉ ኃይል ጨምቀው ወዲያው ወደ 4 ይለቁታል። መጀመሪያ ካልጨመቁ መልቀቁ አይሰማቸውም። ይህችን ልምምድ ከቤታቸው በር መዝጊያ ይዘው እንኳ ሊሠሯት ይችላሉ።

ለራስ የሚነገር ቃልም ይሰለጥናል። የአንዲት ልጅ ጨዋታ ላይ «ወይኔ!» የምትለውን ቆጠርኩ፤ በአንድ ዙር 23 ጊዜ። ቃሉን ለማስተው ስሞክር ባሰ። የረዳት በቦታው ሌላ መትከል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቃል ይመርጣል፤ አንዱ ለመሳት፣ አንዱ ለመጀመር። ለመሳት «ሄደች» የሚሉ አሉ፤ ኳሷን ማለታቸው ነው። ለመጀመር «እግር» ወይም «ላይ» የሚሉ አሉ። ራስን እንደ ሌላ ሰው ማነጋገርም ይረዳል፤ «ምን ነካኝ» ከማለት በስም ጠርቶ «አይዞሽ፣ ቀጣዩን» ማለት። ለታናሽ እህቷ እንደምትናገር አድርጋ ለራሷ ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ይለወጣል።

ይህ ሁሉ በጫና ካልተፈተነ ዋጋ የለውም። በሳምንት ሁለት ቀን የመጨረሻዎቹን 30 ደቂቃዎች ለጫና እንሰጣለን። ጌሙ ሁልጊዜ ከ30 ለ 40 ይጀምራል፤ ወይም አንድ ሰርቭ ብቻ ይፈቀዳል፤ ወይም ታይብሬክ ከ4 ለ 5 ይጀመራል። አንደኛው ጨዋታችን አሥር ሁለተኛ ሰርቮች በተከታታይ ማስገባት ነው፤ ዘጠነኛው ላይ የሳተ ከአንድ ይጀምራል፤ ጓደኞቹ በሙሉ መስመሩ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ከዚያ በፊት ከጎን ወደ ጎን አምስት ጊዜ ይሮጣል፤ ልቡ እየመታ ትንፋሹን መሰብሰብ እንዲለምድ። መስመር ላይ ዳኛ በሌለበት ውድድር ተጫዋቾች ራሳቸው «አውት» (ኳሷ ወጥታለች) ስለሚሉ፣ በልምምድ ዙር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆን ተብሎ የሐሰት ጥሪ እንዲደረግ እንስማማለን፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ጠሪው ብቻ ነው። የተጎዳው ልጅ ማድረግ ያለበት የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ በጨዋነት «እርግጠኛ ነህ?» ይላል፣ ከተደጋገመ የውድድሩን ኃላፊ ይጠራል፣ ከዚያ ራኬቱን አዛውሮ ወደ አጥሩ ይራመዳል። ይህ ልምምድ መጀመሪያ ሲደረግ ሁለት ልጆች ተጣልተው ነበር፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ በግልጽ ተስማሙ።

ሁሉን ነገር በጭንቅላት ማሳበብም ስህተት ነው። ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ልጆቹ ኳስ ሁሉ ይረዝምባቸው ነበር፤ ፈርተው ነው ብዬ ገሠጽኳቸው። ጥፋተኛው አየሩ ነበር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ይፈጥናል፤ ሽክርክሪቱም ኳሱን የሚያወርድበት ኃይል ይቀንሳል። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። መደበኛው ኳስ ከ254 ሴንቲ ሜትር ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለበት፤ ለከፍታ የተሠራው ግፊት ያለው ኳስ ግን ከ122 እስከ 135 ነው። የሚጫወቱበትን ኳስ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ፈትኑት። ከቆላው ወደ ደጋው ስትወጡ የሚቻላችሁ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፤ ክሩን አንድ ኪሎ ያህል አጥብቁት፤ ዒላማችሁን ከመስመሩ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ አምጡት። ባሕር ዳር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋስ ሲነሣ ኳሷን ለሰርቭ ዝቅ አድርጎ መጣል ይሻላል። ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ራሱን አይሰድብም።

የሐሳብ ልምምድ የምንለውን ልጆቹ ለመቀበል ተቸግረው ነበር፤ ዓይን ጨፍኖ መጫወት የሕፃን ነገር መሰላቸው። ያሳመናቸው የቅኔ ተማሪ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ተማሪው መምህሩ ፊት ቅኔውን ከማቅረቡ በፊት ለብቻው ገለል ብሎ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ ቤቱን እየመታ በልቡ ሲቆጥር እንደሚውል ሁሉም ያውቃሉ። እኛም ማታ ማታ አምስት ደቂቃ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጂ ተኝተን ሳይሆን፣ አንድ ጌም በልባችን እንጫወታለን። በራስ ዓይን እንጂ ከውጭ እንደሚታይ ፊልም አይደለም፤ ፍጥነቱም የእውነተኛው ነው። አንድ ነገር አደራ፤ ሁሉን የሚያሸንፉበት ሕልም አታድርጉት። ደብል ፎልት ይሥሩ፣ ከዚያ ራኬቱን ሲያዛውሩ፣ ሲተነፍሱ፣ ሲመለሱ ይዩ። የሚለመደው መመለሱ ነው።

የጨዋታ ቀን ላይ ብዙ አልልም። ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ይብሉ፤ ጎን ሲቀየር ውኃ ወይም ቀጠን ያለ በሶ ይጎንጩ። በ90ው ሰከንድ መጀመሪያ 30ው ለትንፋሽና ለፎጣ፣ መሐሉ ለውኃ፣ የመጨረሻው ለአንድ ዕቅድ ይሁን። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ልጆች አሉን፤ በባዶ ሆድ ትኩረት ቶሎ ይበተናል፣ ንዴትም ይቀርባል። ውሳኔው የልጁ፣ የቤተሰቡና የንስሐ አባቱ ነው፤ የአሰልጣኝ ሥራ ከባዱን ልምምድ ከጾሙ መፍቻ በኋላ ማድረግ ነው። ደግሞ እንቅልፍ ያጣ፣ ከውድድር ውጭም የሚጨነቅ፣ ምግብ የዘጋው ልጅ ካያችሁ ይህ የትንፋሽ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ለወላጆች የምነግረው አንድ ቁጥር አለ። የቴኒስ ኮከቡ ሮጀር ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ ምረቃ ላይ ሲናገር፣ ከተጫወታቸው 1,526 የነጠላ ጨዋታዎች ወደ 80 በመቶ የሚጠጋውን ቢያሸንፍም ከነጥቦቹ ያገኘው 54 በመቶውን ብቻ እንደሆነ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዊምብልደን ውድድር ፍጻሜ ደግሞ ፌደረር 218 ነጥብ፣ ኖቫክ ጆኮቪች 204 አግኝተው ዋንጫው የጆኮቪች ሆነ፤ ፌደረር በአምስተኛው ዙር 8 ለ 7 እየመራ በራሱ ሰርቭ ሁለት የዋንጫ ነጥብ አጥቷል። እንግዲህ የ13 ዓመት ልጅ አንድ ነጥብ ሲስት ራሱን ይዞ የሚቃትት አባት ምን እየጠየቀ እንደሆነ ያስብ። «አደራ፣ እንዳታዋርደኝ» ማለት ከተጋጣሚው በላይ ይከብደዋል።

ከዚያ ይልቅ ለወላጁ ደብተርና እርሳስ እንሰጠዋለን። ነጥብ አይመዘግብም። ልጁ ራኬቱን ባዛወረና በተነፈሰ ቁጥር አንድ ጭረት ይጭራል፤ ከአሥር ነጥብ ስንቱ ላይ እንዳደረገው ይቆጥራል። ሰባት ከደረሰ ቢሸነፍም ጥሩ ቀን ነበር። ሥራ የያዘ ወላጅ አይጮኽም፣ ልጁም ወደ አጥሩ ዞር ሲል የሚያየው የተጎነበሰ ራስና የምትንቀሳቀስ እርሳስ ነው። ስለ ጨዋታው የምናወራው በማግስቱ ነው፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ፤ የቱ ላይ ቸኮልክ? ምን መለሰህ? ነገ የቱን እንለማመድ? የዚያን ዕለት ማታ በባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ እናትየው የምትጠይቀው «እርቦሃል?» ብላ ነው፤ ስንት ለስንት እንደሆነ እሱ ደስ ሲለው ይነግራታል።